ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማሽን፦ የቶዮታ ስም ከየት መጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ 30 ዓመት ያለፈው ኮሮላ ለሽያጭ ሲወጣ የሚጠራበትን ዋጋ አውሮፓ ለሚኖር ዘመዳችሁ ብትነግሩት መጀመሪያ የሚመስለው እየቀለዳችሁ ነው። እዚያ እንዲህ ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ለብረት መሸጥ ነው። እዚህ ግን ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ "ቶዮታ እኮ ነው!" ይላችኋል። በቃ፣ ክርክር የለም። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ብር ፍለጋ ይሄዳል።

የአንድ ኩባንያ ስም ብቻውን እንዴት እንደ ዋስ ሊቆጠር ቻለ? "ጃፓኖች ጎበዞች ናቸው" ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ታሪኩ ውስጥ መንገድ ላይ ተሰብረው የቀሩ መኪኖች አሉ፣ ለኪሳራ የተቃረበ ድርጅት አለ፣ የሥራ ማቆም አድማ አለ፣ ዓይን ያወጣ ማጭበርበርም አለ። እነሱን ካላየን ስሙ አይገባንም። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል (ቶዮታ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ የቤተሰብ ስም ነው) የአናጢ ልጅ በ1867 ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው የጃፓን ክፍል ተወለደ። ገና በወጣትነቱ መሸመኛ ማሻሻል ላይ ተጠመደ፤ በ1891 ለአንድ የእንጨት መሸመኛ የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ከዚያ ወዲያም ዕድሜውን የጨረሰው በዚሁ ነው። ትልቁ ሥራው የወጣው በ1924 ነው። ጂ ዓይነት ይሉታል። ማሽኑ ሥራ ሳያቋርጥ መወርወሪያውን በራሱ ይቀይራል። ድሩ ወይም ማጉ ከተበጠሰ ደግሞ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይቺን መቆም ልብ በሉልኝ፤ ቀሪው ታሪክ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ራሱን የማያቆም መሸመኛ ክሩ ቢበጠስም ይገፋበታል። ሰው እስኪደርስበት ድረስ የተበላሸ ጨርቅ ሲያመርት ይቆያል። ስለዚህ አጠገቡ ሰው አቁሞ ማስጠበቅ ግድ ነው። በራሱ የሚቆም ከሆነ ግን አንዲት ሠራተኛ ብዙ ማሽን ይዛ መዋል ትችላለች፤ የምትሄደው ወደ ቆመው ብቻ ነው። ብልሽቱ ደግሞ አይደበቅም። ገና በመጀመሪያው ሴንቲሜትር ላይ ሁሉም ያየዋል።

ማሽኑ እንዲህ ጥሩ ስለነበር በ1929 ፕላት ብራዘርስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ መብቱን በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። ዓለምን የፋብሪካ ሽመና ያስተማረችው እንግሊዝ ከጃፓናዊ አናጢ ልጅ መሸመኛ ስትገዛ አስቡት። ሳኪቺ በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

ልጁ ኪይቺሮ ግን ልቡ ያለው መኪና ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ የጃፓንን መንገድ የያዙት አሜሪካኖች ናቸው፤ ፎርድ ከ1925 ጀምሮ ዮኮሃማ፣ ጄኔራል ሞተርስ ከ1927 ጀምሮ ኦሳካ ላይ መኪና ይገጣጥሙ ነበር። ኪይቺሮ በ1933 በመሸመኛ ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋመ። ከዚያ ምን አደረገ? ሸቭሮሌ ገዝቶ ብሎን በብሎን ፈታው። የመጀመሪያው የቶዮታ ሞተር የሸቭሮሌን መንገድ የተከተለ ነው፤ በ1936 የወጣችው የመጀመሪያዋ የቤት መኪና ኤኤ ደግሞ መልኳ የክራይዝለር ኤርፍሎውን ነው የሚመስለው። ዛሬ ቻይናዎችን "ኮፒ አድራጊ" እያልን ስንስቅ ይህንን ብናስታውስ አይከፋም።

የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው ጂ1 ይባላል። በ1935 መጨረሻ ላይ ለምርቃት ከፋብሪካው ወደ ቶኪዮ ሲነዳ መንገድ ላይ ተሰብሮ፣ ተጠግኖ ነው የደረሰው። ከተሸጠ በኋላም ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ነበር። የኩባንያው ሰዎች በየመንገዱ እየሄዱ በነፃ ይጠግናሉ፣ የተሰበረውን ዕቃ ወስደው ያጠናሉ፣ ያስተካክላሉ። "ቶዮታ አይሰበርም" የሚለው ዝና አልነበረም፤ የነበረው ሲሰበር መጥቶ የሚያይ ሰው ነው። በ1936 መንግሥት የውጭ አምራቾችን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በ1937 የመኪናው ክፍል ራሱን ችሎ ቶዮታ ሞተር ሆነ፤ ጦርነቱ መጣና ለሠራዊቱ ካሚዮን ማምረት ሥራው ሆነ። ይሄንን በዚሁ ልለፈው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚገርመው። በ1949 ጃፓን ውስጥ የዋጋ ንረትን ለማቆም ገበያው ውስጥ ያለው ገንዘብ በአንዴ እንዲቀንስ ተደረገ። መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ የገዛውም ክፍያውን አልጨረሰም። ግቢው ባልተሸጡ ካሚዮኖች ተሞላ። ባንኮች ተሰባስበው ቶዮታን ከውድቀት አዳኑት፤ ቅድመ ሁኔታቸው ግን ከባድ ነበር፦ የሽያጩ ሥራ ለብቻው ኩባንያ ይሁን፣ የሚሸጠውን ያህል ብቻ ይመረት፣ ሠራተኛ ይቀነስ። ኪይቺሮ ደግሞ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ1950 ጸደይ ሠራተኛው አድማ መታ። በመጨረሻ ከ1,600 በላይ ሰዎች ወጡ፤ ኪይቺሮም ቃሌን አልጠበቅኩም ብሎ በሰኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዚያው ሰኔ ወር ማለቂያ ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር በሺዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖችን አዘዘ፤ ኩባንያው ተረፈ። ዛሬ ስለ ጃፓን ብልጽግና ሲወራ ይቺ የጎረቤት ጦርነት ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ኪይቺሮ ተመልሶ ኩባንያውን ሊመራ ሲዘጋጅ በ1952 በ57 ዓመቱ ሞተ። በሺህ የሚቆጠሩ ኮሮላዎች ቀርቶ አንዲቷንም አላየም።

እንግዲህ ቶዮታን ቶዮታ ያደረገው አሠራር የወጣው ከዚህ እጦት ነው። የአጎቱ ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ በ1950 አሜሪካ ሄዶ የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ። ያኔ ፎርድ በቀን 8,000 መኪና ያመርታል፤ ቶዮታ 40። ፎርድ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ቀጥቅጦ መጋዘን ይሞላል፤ ለዚህ ገንዘብም ቦታም ገበያም አለው። ቶዮታ ሦስቱም የሉትም። ጥቂት ጥቂት፣ ዓይነቱ የበዛ መኪና ነው የሚፈለገው። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ደግሞ ባንክ የወሰዱት ብድር ማለት ነው፤ ወለድ ይበላል።

መላውን የፈጠረው ታይቺ ኦህኖ የሚባል፣ ከቶዮዳዎቹ የጨርቅ ፋብሪካ ወደ መኪናው የተዛወረ መሐንዲስ ነው። ሠራተኞቹ ይፈሩት ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። እዚያ ደንበኛው ከመደርደሪያው የሚፈልገውን ያነሳል፤ ሱቁ የጎደለውን ብቻ ይተካል። ኦህኖ ይህንን ፋብሪካው ውስጥ አስገባው። በር የሚገጥመው ሠራተኛ አጠገብ የማጠፊያ ሣጥን አለ እንበል፤ ሣጥኑ ላይ ካንባን የሚሉት ካርድ ተለጥፏል። ሣጥኑ ሲያልቅ ካርዱ ወደ ማጠፊያ ሠሪው ይመለሳል። ካርድ ካልመጣ ማጠፊያ አይሠራም። ቁጭ ብሎ መዋል ካለበት ይዋል። ሌሎች ፋብሪካዎች ውስጥ ይሄ ስንፍና ነበር፤ ኦህኖ ጋ ግን ያልተፈለገ ዕቃ ማምረት ነው ትልቁ ጥፋት።

ሁለተኛው ከሳኪቺ መሸመኛ የተወረሰው ነው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ብሎን አልያዝ ካለ፣ ቀለም ከተጫረ፣ አንድ ነገር ደስ ካላለው ገመዱን ይስባል። መብራት ይበራል፣ የተቀናበረ ዜማ ይሰማል፣ አለቃው እየሮጠ ይመጣል። መኪናው ከዚያ ሠራተኛ ክልል ሳይወጣ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እጁን አጣጥፎ ይቆማል ማለት ነው። አንድ ተራ ሠራተኛ ይህንን እንዲያደርግ መፍቀድ ለዲትሮይት አለቆች እብደት ነበር። እነሱ ጋ መስመር ያቆመ ይባረራል፤ የተበላሸው መኪና ዝም ብሎ ያልፍና መጨረሻ ላይ ይጠገናል፣ ካልታየም ለእናንተ ይሸጣል።

ሦስተኛው፣ ጥያቄ መደጋገም ነው። ኦህኖ ራሱ ይሰጠው የነበረ ምሳሌ አለ። ማሽን ቆመ። ለምን? ፊውዙ ተቃጠለ። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ፊውዝ ቀይረን ወደ ሻያችን እንመለሳለን። ፊውዙ ለምን ተቃጠለ? ኩሽኔታው ደርቆ ጭነት ስለበዛበት። ለምን ደረቀ? ፓምፑ ዘይት በደንብ አልሳበለትም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስላልተገጠመለት የብረት ብናኝ ገባበት። ለካ መፍትሔው አንዲት ማጣሪያ ናት። ይህንን ሳያደርጉ ፊውዝ ሲቀይሩ መክረም ይቻላል። የኛም ጋራዦች ውስጥ፣ አይ፣ ልተወው።

ይሄ ሁሉ የጃፓን ደም ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ላይ ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኛው በመቅረት፣ ሥራ ላይ በመጠጣት፣ ከአለቃ ጋር በመጣላት የታወቀ ነበር፤ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ተከፈተ፣ ከተቀጠሩትም አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው፣ ማኅበራቸውም ያው። አሠራሩን ቶዮታ አመጣ። ብዙም ሳይቆይ የሚወጡት መኪኖች ጥራት ከጃፓኖቹ ጋር የሚወዳደር ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ግን ያየውን ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ዓመታት ፈጀበት፤ ገመዱን መስቀል ቀላል ነው፣ ገመድ የሳበውን ሰው አለመቆጣት ነው የከበደው። (ያ ግቢ ዛሬ የቴስላ ነው።)

ከዚህ በፊት ግን ቶዮታ አሜሪካ ላይ ተዋርዷል። በ1957 ክራውን የምትባለዋን መኪና ይዘው ገቡ። ጃፓን ውስጥ በኮረኮንች መንገድ ላይ ቀስ ብላ ስትሄድ ጠንካራ ነበረች፤ የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ ግን አቅም አጣች፣ ሞተሯ ፈላ። በ1960 መጨረሻው ላይ የቤት መኪና መላኩን አቆሙት። ላንድ ክሩዘር ብቻ እየሸጡ ቆዩና በ1965 ለአሜሪካ መንገድ ታስባ የተሻሻለች ኮሮናን ይዘው ተመለሱ። ያቺ ተሸጠች። ኮሮላ በ1966 ተወለደች፤ እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች። ነዳጅ በ1973 ሲወደድ ደግሞ ትንሽ የሚጠጣ መኪና ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም አወቀ።

አሠራሩ ነቀፌታ የለበትም ብዬ ግን አላታልላችሁም። መጋዘን የሌለው ፋብሪካ አንድ ዕቃ ሲቀርበት ይቆማል። በየካቲት 1997 ካሪያ ከተማ ያለው የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለቶዮታ መኪኖች ማለት ይቻላል ሁሉ የፍሬን ቫልቭ የሚያቀርበው እሱ ብቻ ነበር፤ ዕቃው ደግሞ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ብረት ናት። ቶዮታ ጋ የነበረው ክምችት ለሰዓታት የሚበቃ ነው። ጃፓን ያሉት ፋብሪካዎቹ ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ያስደንቃል፤ ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች፣ የልብስ ስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር፣ ንድፉን ተቀብለው ይሠሩ ጀመር፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። በነሐሴ 2023 ደግሞ 14 ፋብሪካ የቆመው በምን ይመስላችኋል? የዕቃ ማዘዣው ኮምፒውተር ላይ ቦታ ሞልቶ!

የሰውም ዋጋ አለበት። በ2002 አንድ የ30 ዓመት የቶዮታ ሠራተኛ ሌሊት ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። በ2007 የናጎያ ፍርድ ቤት የሞተው በሥራ ብዛት መሆኑን ወሰነ፤ ያ በየጊዜው የሚወደስ "ጥራትን ለማሻሻል በፈቃደኝነት የሚደረግ ስብሰባ"ም ሥራ ነው፣ ይቆጠርለታል አለ። ስለ ቶዮታ አስተዳደር በየሥልጠናው ሲሰበክ ይቺ ገጽ አትገለጥም።

ወደ መንገዳችን እንምጣ። ላንድ ክሩዘር በ1951 ቶዮታ ጂፕ በሚል ስም ተጀምሮ፣ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ አቅሙን ያስመሰከረ መኪና ነው። 70 የሚባለው ቤተሰብ ከ1984 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይመረታል። ለብዙ ዘመን የገባለትን 1ኤችዜድ የሚባል ናፍጣ ሞተር ውሰዱ፦ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ቱርቦ የለውም፣ በኮምፒውተር የሚመራ መርጫ የለውም። ለመጠኑ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ አዲስ የጀርመን ሞተር በግማሽ መጠኑ ይበልጠዋል። ግን ከአቅሙ በታች ስለሚሠራ አይደክምም፣ ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል፣ ቦረናም ሆነ አፋር ላይ መፍቻ ያለው ሰው ይጠግነዋል። ቶዮታ አዲስ ቴክኖሎጂ ለማስገባት ይዘገያል እየተባለ ይታማል፤ በኛ መንገድ ላይ ያ መዘግየት በረከት ሆነ። የዕርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድ ክሩዘር የሚይዙት ለዚህ ነው፤ እንዲያውም ጅብራልታር ላይ ቶዮታን ለእነሱ ብቻ እያስተካከለ የሚያቀርብ ድርጅት አለ። በ1987 ቻድ ከሊቢያ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ ቶዮታ ፒክአፕ ላይ ሆነው ታንክ ስላባረሩ ውጊያው "የቶዮታ ጦርነት" ተባለ። ኩባንያው ያልከፈለበት፣ ሊከፍልበትም የማይፈልግ ማስታወቂያ።

ግን የአዲስ አበባው ዋጋ በጥንካሬ ብቻ አይገለጽም። ግማሹ የመኪናው ሳይሆን የመንደሩ ነው። ብዙ ኮሮላ ስላለ ሶማሌ ተራ የኮሮላ ዕቃ ሞልቷል፤ ዋናው፣ የታይዋኑ፣ ያገለገለው፣ እንደ ኪሳችሁ። ዕቃው ስላለ ሜካኒኩ ሁሉ እሷን ያውቃል፤ የዶልፊንና የአባዱላ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚነግራችሁ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ሜካኒኩ ስላለ ደግሞ ሰው እሷኑ ይገዛል። ከሷ የማያንስ ማዝዳ ወይም ሆንዳ ብትገዙ አንዲት ዳሳሽ ስትበላሽ ከዱባይ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። በዚህ ላይ በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያረጁ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ቀረጠ፤ በ2024 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ቶዮታ ከዚያ ወዲህ እንደ መሬት ሆነ፤ አይጨመርበትም።

እዚህ ላይ ስለ ቪትዝ አንድ ነገር። ከ1999 እስከ 2020 በነበረው ጊዜ ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ውጭ የሚሸጠው ያሪስ ተብሎ ነው። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ታዲያ የናንተ ቪትዝ መሪው በግራ የሆነው እንዴት ነው? ወይ ያሪስ ናት፣ እኛ ነን ቪትዝ የምንላት። ወይ ደግሞ መሪው፣ ዳሽቦርዱ፣ የፍሬን መስመሩ ተነቅሎ ወደ ግራ ተዛውሯል። ያንን ሥራ የሠራው ቶዮታ አይደለም። በዚያ ገመድ የሚስብ ሰው አልነበረም። ስትገዙ ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ የተቀጠለ ሽቦ፣ የተበየደ ብረት፣ ከኤርባጉ የተለቀቀ ማያያዣ ካያችሁ ባጁን እርሱት። ዛሬ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አዲስ ቪትዝ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሱዙኪ የሚሠራው ሴሌሪዮ ነው፤ ባጁ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሌላው የሚምታታው ጠንካራና ከአደጋ የሚጠብቅ መሆን ነው። የድሮው ሃይኤስ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ሹፌሩ ግን የተቀመጠው ከፊት ጎማው በላይ ነው፣ ከጉልበቱ ፊት ያለው ቆርቆሮ ነው። ሲጋጭ የመኪናው ዕድሜ የሰውየውን ዕድሜ አያስረዝምም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። በ2008 ቶዮታ ከ1931 ጀምሮ የዓለም አንደኛ የነበረውን ጄኔራል ሞተርስን በሽያጭ አለፈ። እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ፋብሪካ በፍጥነት ከፍቷል፣ ብዙ አዲስ አቅራቢ ይዟል። በነሐሴ 2009 ሳን ዲዬጎ አጠገብ አንድ ፖሊስ ከቤተሰቡ ጋር ከነጋዴ በትውስት የያዘው ሌክሰስ ነዳጁ ተጭኖ ቀረበት፤ አራቱም ሞቱ። መኪናው ውስጥ የነበረው ምንጣፍ የሌላ ሞዴል ነበር፣ ፔዳሉን ያዘው። ከዚያ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ አንዳንዱ በምንጣፍ፣ አንዳንዱ ተጣብቆ በሚቀር ፔዳል። ኮምፒውተሩ ነው ያበደው የሚል ወሬም ተናፈሰ፤ ናሳ ጭምር መርምሮ በ2011 ይህንን የሚያስረዳ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘሁም አለ።

በየካቲት 2010 የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ በወቅቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አኪዮ ቶዮዳ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ያደግነው ከአቅማችን በላይ በፍጥነት ነው አለ፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ከዚያ ጥራት፣ ከዚያ ብዛት የሚለው ቅደም ተከተል ተዘበራርቆብን ነበር አለ። እውነቱን ነው። ግን ከምንጣፉ ይልቅ ስሙን የጎዳው ኩባንያው የሚያውቀውን ሳይናገር መቆየቱ ነው። በ2014 ደንበኞችን ስላሳሳተ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ የቅርቡ ነው። ዳይሃትሱ ትንንሽ መኪና የሚሠራ የቶዮታ ንብረት ነው፤ የሚሠራቸው ከፊሎቹ የቶዮታ ባጅ ለጥፈው ይሸጣሉ። በታኅሣሥ 2023 ገለልተኛ አጣሪዎች በ64 ሞዴሎች ላይ 174 የተጭበረበረ ምርመራ አገኙ፤ ትልቁ ዕድሜው እስከ 1989 ይደርሳል። አንዱን ልንገራችሁ። ኤርባግ በግጭት ሰዓት የሚከፈተው ኮምፒውተሩ ግጭቱን አውቆ ነው። የዳይሃትሱ ሞካሪዎች ግን ኮምፒውተሩ ገና ስላልተዘጋጀላቸው ኤርባጉን በሰዓት ቆጣሪ አስከፈቱት። ግጭት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቡም፣ ወረቀቱ ላይ "አልፏል"። ለምን? አዲስ መኪና የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል፤ ቀኑን ማስረዘም የሚጠይቅ ሰው የለም። ማለትም ገመዱ አለ፣ የሚስበው ግን ጠፋ። ዳይሃትሱ ጃፓን ውስጥ ያሉትን ፋብሪካዎቹን ሁሉ አቆመ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ መጣ። የላንድ ክሩዘር 300፣ የሃይሉክስና የሃይኤስ ናፍጣ ሞተሮች የጉልበት ምርመራ ላይ፣ ለገበያ በሚወጣው ሳይሆን ቁጥሩን በሚያሳምር ሌላ ሶፍትዌር እንደተለኩ ታወቀ። ሞተሮቹን የሚሠራው ማን ነው? ቶዮታ ኢንዱስትሪስ። በ1926 ሳኪቺ ያቋቋመው፣ ክር ሲበጠስ የሚቆመውን መሸመኛ ያመርት የነበረው ራሱ ኩባንያው! በሰኔ 2024 ደግሞ ተራው የቶዮታ የራሱ ሆነ፤ ኮሮላ አክሲዮ፣ ኮሮላ ፊልደርና ያሪስ ክሮስን ጨምሮ ሰባት ሞዴሎች። አኪዮ ካሜራ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። መኪኖቹን መንዳት ትችላላችሁ አሉ፤ ምናልባት እውነት ነው። ግን ስሙ የተሠራው "ምናልባት" በሚል አልነበረም።

አሁን ጥያቄው ኤሌክትሪክ ነው። ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን አውጥቶ ሃይብሪድን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ ሙሉ ኤሌክትሪኩ ላይ ረጋ ብሎ ቆየ፤ ሁሉም አገር አንድ ዓይነት መብራትና መንገድ የለውም እያለ። ቻይናዎች ጥለውት ሮጡ። በ2022 ቢዜድ4ኤክስ የሚባለውን ሲያወጣ ገና በወራት ውስጥ ወደ 2,700 ያህሉን መልሶ ጠራ፤ የጎማው ብሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተባለ። ከ80 ዓመት በላይ መኪና የሠራ ኩባንያ ጎማ ማሰር አቃተው ተብሎ ተሳቀበት። እነሱ ግን ሽያጩን አቆሙ፣ መኪናውን መልሱልን ላለ ገንዘቡን እንመልሳለን አሉ፣ ብሎኑን ቀይረው በጥቅምት እንደገና ጀመሩ።

አዲስ አበባ ውስጥም ቢዜድ4ኤክስ እየታየ ነው፤ ከቢዋይዲው ጎን ቆሞ ይሸጣል፤ ደላላውም ያችኑ "ቶዮታ እኮ ነው" ይላል። እዚህ ላይ ግን የድሮው ስሌት አይሠራም። ባትሪውን ፈትቶ የሚጠግን የሰፈር ልጅ ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሻጩ ከሸጠ በኋላ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ጠይቁት። መልስ ካለው ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።